የሠዓሊው ደመወዝ፤ «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ላይ የቀረበ አንድምታ

«አትስረቅ»፤ የባልንጀራህን ገንዘብ ያለ ፈቃዱ አትውሰድ። ንባቡ ይህ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ተጽፏል፣ በዘሌዋውያን ተደግሟል፣ ጌታም ለባለጸጋው ጎልማሳ ትእዛዛቱን ሲቈጥርለት አብሮ ቈጥሮታል። በንባቡ የሚከራከር የለምና ወደ ፍቺው ማለፍ ይገባል።

አንድም፦ ሰውን ሰርቀህ አትሽጥ ሲል ነው፤ ወንድሞቹ ዮሴፍን ለይስማኤላውያን እንደ ሸጡት።

አንድም፦ የሠራተኛውን ዋጋ አታስቀር ሲል ነው። ሐተታ፦ ስርቆት ከሣጥን የወጣ ገንዘብ ብቻ ነውን ቢሉ፣ አይደለም፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ስርቆትን ከከለከለ በኋላ ብዙም ሳይርቅ የቅጥረኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዝዛልና። ያዕቆብም በመልእክቱ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ያስተምራል። ደመወዝ አፍ ሳይኖረው እንዴት ይጮኻል ቢሉ፣ የአቤል ደም አፍ ሳይኖረው እንደ ጮኸ ነው።

ይህ ፍቺ በዚህ ዘመን ከሚነካቸው አንዱ አኒሜን ያለ ፈቃድ ከሚያሠራጩ ድረ ገጾች የሚመለከተው ምእመን ነው። አኒሜ ማለት በጃፓን የሚሠራ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ ግን አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል እያቆየ ብዙ ጊዜ በሰከንድ በ8 ሥዕል ይብቃቃል፤ ያም ሆኖ ከ20 ደቂቃ ጥቂት ለሚያልፍ አንድ ክፍል በሺህ የሚቈጠር ሉህ ይፈጃል። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይሥላል፤ ጀማሪው ደግሞ ከሥሩ መብራት በበራለት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ሉሆች ደራርቦ፣ እጅ ከወገብ ተነሥቶ ጎራዴውን እስኪመዝ ድረስ በመካከል ያለውን አንድ በአንድ ይሞላል። ለዚህ ለመካከለኛው ሥዕል በአንድ ሉህ 200 የን ገደማ መክፈል ለረዥም ዘመን የተለመደ ነው፤ በወር 500 ሉህ የጨረሰ ጀማሪ 100,000 የን ያገኛል ማለት ነው፤ ይህም ለቶኪዮ የቤት ኪራይና ቀለብ አይበቃም። የክፍያውን ማነስ ሥር የሚፈልጉ ሰዎች ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 (እ.ኤ.አ.) «አስትሮ ቦይ»ን በርካሽ ዋጋ ለቴሌቪዥን ካቀረበበት ጊዜ ይጀምራሉ።

ተቃዋሚ ግን ይህንኑ ይዞ ይነሣል። አኒሜ በአብዛኛው የሚሠራው በአምራች ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴ የተባለው አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የመጫወቻ አምራቹና የሙዚቃ ኩባንያው ገንዘብ አዋጥተው ትርፉን የሚካፈሉበት ማኅበር ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ከአዋጪዎቹ አንዱ ካልሆነ በቀር የተቈረጠለትን ዋጋ ተቀብሎ ይሰናበታል። እንግዲህ ሠዓሊው አስቀድሞ የተከፈለውን ተከፍሎታል፣ ተመልካቹ ባይከፍል ምን ይጐድልበታል ይላል። መልሱ ከአውድማ ይገኛል፤ ኦሪት ዘዳግም የሚያበራየውን በሬ አፉን ማሰር ይከለክላል፤ ጳውሎስም ይህን በሁለት መልእክቶቹ ለሠራተኛ ዋጋ ተርጕሞታል። ባለ አውድማው የበሬውን አፍ ቢያስር በደለ፤ መንገደኛው ግን በሬው ታስሯል ብሎ ከአውድማው ቢዘግን የበሬው አፍ አይፈታም፤ ይልቁንም ባለ አውድማው የከርሞውን ዘር ይቀንሳል፣ ከሚዘራው ጋርም የበሬው ድርቆሽ ይቀንሳል። ኮሚቴውም ቀጣዩን ክፍል ለማሠራት የሚወስነው ከፊተኛው የገባውን ገንዘብ አይቶ ነው።

ደግሞም ተመልካቹ ለማንም አልከፈልሁም ቢል አይታመንም። በነጻ የሚያሳየው ገጽ በተከፈተ ቍጥር የውርርድና የዝሙት ማስታወቂያ ይፈነዳል፤ ገጹም ከዚያ ይተዳደራል፤ ስለዚህ ተመልካቹ በዐይኑ ከፍሏል፣ የከፈለው ግን ለሠዓሊው ሳይሆን ለዘራፊው ነው። በመዝሙር 49 ከሌባ ጋር የሮጠው የተወቀሰው ስለዚህ ነው፤ በእጁ የያዘው ነገር ሳይጠየቅ ሩጫው ብቻ ተቈጥሮበታልና።

ሌሎች ደግሞ መቅዳት መስረቅ አይደለም፣ ባለቤቱ የነበረው አልጐደለበትምና ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያንንም ምስክር ይጠራሉ። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚጻፈው ግዝት መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል እንጂ የገለበጠውን አያወግዝም፤ እንዲያውም ማስገልበጥ ጽድቅ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቍም ጸሐፊው ቆዳ ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ወገቡ እስኪጐብጥ ድረስ ወራት ሲጽፍ አስጻፊው ቀለቡንና ዋጋውን ይችል ነበር፤ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲታሰብ በመጽሐፉ ይሰፍር ነበር። በዚያ የደከመ እጅ ተከፍሎታል፤ በዚህ የደከመው እጅ አንድ ብቻ ሲሆን የተዘለለውም እርሱ ነው።

ፋንሰብ የተባለውስ ቢሉ፣ ፋንሰብ ወዳጆች ያለ ክፍያ ተርጕመው ከምስሉ ግርጌ ጽሑፍ የሚያኖሩበት ልማድ ነው። በአሜሪካ በቪዲዮ ካሴት ዘመን ሲስፋፋ፣ ሥራው በአገሪቱ ፈቃድ ያለው አከፋፋይ ሲያገኝ ማሠራጨቱን ማቆም የብዙዎቹ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። በነጻ የተቀበላችሁትን በነጻ ስጡ የሚለውን የጌታን ቃል ለዚህ የሚጠቅሱ አሉ፤ ቃሉ ግን የራስን ጸጋ ስለ መስጠት የተነገረ ነው፤ የሌላውን ጎተራ ከፍቶ መመጽወት ምጽዋት አይባልም። ታሪክ፦ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ክራንቺሮል ተጠቃሚዎች ያለ ፈቃድ የሚጭኑትን አኒሜ ሲያሳይ ቆይቶ፣ በ2009 መጀመሪያ ከቲቪ ቶኪዮ ጋር ተዋውሎ ያልተፈቀደውን አነሣ፤ በ2021ም የሶኒ ሆነ። ከስርቆት በጎ ፍሬ ወጣ የሚሉ በዚህ ይመካሉ። የዮሴፍ መሸጥም ግብፅን ከረኀብ አድኗል፤ ወንድሞቹ ግን በፊቱ ወድቀው ይቅርታ ለመኑ እንጂ በሽያጩ አልተመኩም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አኒሜ ከጣዖት ባሕል የመጣ ርኩስ ነገር ነውና ከርኩስ መስረቅ አያስኰንንም የሚለው ነው። ርኩስ ከሆነ ለምን ይታያል? ንጹሕ ከሆነ ለምን ይሰረቃል? አካን የወሰደው ከኢያሪኮ እርም ነበር፤ አንድ ካባ፣ 200 ሰቅል ብር፣ 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ፤ የጠላት ገንዘብ ነው ብሎ ግን አልዳነም። በድንኳኑ ውስጥ ቀብሮ መሸሸጉም የገዛ ኅሊናው ምስክር ነው፤ የአሰሳ ታሪኩን እያጠፋ የሚመለከት ምእመን ይህን ያስተውል።

አንድም፦ የጸሎትን ሰዓት አትስረቅ ሲል ነው፤ ሌሊቱን 12 ክፍል ሲያይ አድሮ ኪዳን የሚያመልጠው እርሱ ሌባ ነውና።

አንድም፦ ሲርብህ ብላ፣ በዕቃህ ግን አትጨምር ሲል ነው። ኦሪት ዘዳግም በባልንጀራው ወይን ውስጥ የገባ እስኪጠግብ እንዲበላ ይፈቅዳል፣ በዕቃው መጨመሩን ይከለክላል። በዚህ ሥርዓት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው የአዲስ አበባ ወጣት ከሚያውቀው ልጅ አንድ ክፍል ቢያይና፣ ተከታታዩን በሙሉ በፍላሽ እየጫነ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ቢኖር፣ ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ይሁን እንጂ አኒሜ እንጀራ አይደለም፤ ያላየው አይሞትም።

አንድም፦ የሰረቅኸውን መልስ ሲል ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ለመመለስ የበደላቸውን ያውቅ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ለማን ይመልሳል ቢሉ፣ የሠዓሊዎቹ ስም በመዝጊያው መዝሙር ላይ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ያልፋል፣ እርሱም በጣቱ ይዘልለዋል። ፈቃድ ያለው መንገድ ሲገኝ ይክፈል፣ ሳይገኝ ይታገሥ፤ ስላለፈው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

አንድም፦ ለኮሚቴውም የተነገረ ነው፤ ያዕቆብ ስለ ደመወዝ የገሠጸው መንገደኛውን ሳይሆን ባለ እርሻውን ነውና።