የእጅ ዕውቀት በጣርማ በር ቁልቁለት

ማኑዋል መኪናን ከአውቶማቲክ አስበልጦ መምረጥ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሳል፤ ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሰው በራሱ መሥራቱ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸቀጥ የጫነ አይሱዙ በዚህ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ይቀንሳል፤ መኪናውን ሞተሩ ይይዘዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ሾፌር ግን ይህን መያዣ በገዛ እጁ ያጣል።

አሪስቶትል ሙያ የሚገኘው በመሥራት ነው ብሎ ያስተምራል። ፈላስፋው ጊልበርት ራይልም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድን ነገር መሥራት መቻል ስለ ነገሩ ከማወቅ የተለየ መሆኑን ተከራክሯል። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር ከሞተሩ ድምፅ የሚለይ ሾፌር ዕውቀቱ በጆሮውና በእግሩ ውስጥ ነው፤ በቃል አስረዳ ቢባል ግን ይቸገራል። የማኑዋል ወዳጆች ዋና መከራከሪያ ይኸው ነው፤ ሥራው ለማሽን ሲተው ዕውቀቱ የሚኖርበት ቦታ ያጣል።

መከራከሪያው ወሰን አለው። አውቶማቲክ ግራ እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው መሪ የመያዝ ዕድል ይሰጣል፤ በከተማ መጨናነቅም ድካም ያቀላል። በአብዛኛው አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ሾፌሩ ለቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ መምረጥ ይችላል። እንግዲህ የሚመሰገነው የማርሽ ዘንጉን መጨበጥ ሳይሆን የሚመጣውን አስቀድሞ መመዘን ነው። ማኑዋል ይህን ልማድ ያስገድዳል፤ አውቶማቲክ ለሾፌሩ ፈቃድ ይተወዋል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ምርጫው እየጠበበ ነው፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። በቁልቁለት ሞተራቸው ኃይል እያመነጨ ፍጥነትን ይገታል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ይህ አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌርም ከጣርማ በር ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ባትሪውን አይቶ መወሰን ይኖርበታል።