የማይታይ ጭረት

የፋይበር ግላስ ጀልባን ሳንደር በሚባል በእጅ የሚያዝ ማሽን የሚያለሰልስ ሰው ሥራው መቀነስ ነው። የጀልባውን ገላ የሚሸፍነው ጄልኮት የሚባለው ቆዳ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ዓመት ከዓመት ስትመታው ይደበዝዛል፤ ሲዳብሱት እንደ ጠመኔ መዳፍ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ያ የሞተ ሽፋን ካልተነሣ ከሥሩ ያለው ደህናው አይወጣም። ስለዚህ ጀልባን እንዲያብረቀርቅ ማድረግ ከዚያች ቀጭን ቆዳ በየጊዜው መቆንጠር ነው። እጁን ያልገታ ባለቤት አንድ ቀን የፋይበሩን ክር ያያል።

መሣሪያው ትዕግሥት ይጠይቃል። ክቡ መቀመጫ ይሽከረከራል፤ እየተሽከረከረም ከመሐሉ በጥቂት ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህም የብርጭቆ ወረቀቱ ቅንጣት ያንኑ መስመር ደጋግሞ እንዳይጭር ነው። ጀማሪ ግን ይቸኩልና በክንዱ ይጫነዋል። ሲጫኑት መሽከርከሩ ይቆምና መርገብገቡ ብቻ ይቀራል፤ ትንንሽ ጥምዝ ጭረቶች ይተዋል። እነሱም የሚታዩት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ነው። ነገሩን የሚያውቁት በማሽኑ ክብደት ብቻ ይሠራሉ። አዲስ ወረቀት ባስገቡ ቁጥር ገላውን አስቀድመው በእርሳስ ይሞነጫጭሩታል፤ የእርሳሱ መስመር በሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ያ ወረቀት በቃው ማለት ነው። በወረቀቱ የቅንጣት ቁጥር ከ400 ወደ 800፣ ከዚያም ወደ 1500 ሲሄዱ ጭረቱ አይጠፋም፤ በደቃቅ ጭረት ይተካል እንጂ። የምናደንቀው ማብረቅረቅ ዓይን ሊለየው ያልቻለ ጭረት ነው።

ለማን ዓይን? ከውኃው መስመር በላይ ያለው ለሰው ዓይን ነው፤ ነውርም የለበትም፣ ንብረቱን የሚወድ ያጌጥበታል። ከመስመሩ በታች ግን ፈራጁ ውኃ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶርኪ ውስጥ ባሠራው ረጅም ገንዳ ልዩ ልዩ ሽፋን ያላቸውን ሳንቃዎች እየጎተተ ለክቶ ነበር። አሸዋ የተለጠፈበት ሳንቃ ቫርኒሽ ከተቀባው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ጠይቋል። ሸካራነት ያስከፍላል። ልስላሴም ቢሆን ልክ አለው፦ ገላውን ታክኮ የሚሄደው ስስ የውኃ ንብርብር ከእሱ ያነሰውን ሸካራነት ውጦ ያስቀረዋል፤ ከዚያ ወዲያ መስታወት ቢያስመስሉት ፍጥነት አይጨምርም። እንዲያውም በ1987 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ፍሪማንትል ላይ የአሜሪካስ ካፕ የተባለውን የመርከብ እሽቅድምድም ያሸነፈው ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የተባለው ጀልባ ገላው ላይ ሆን ተብሎ ደቃቅ ቦዮች ያሉት ስስ ሽፋን ተለጥፎበት ነበር። እንግዲህ ከመስመሩ በታች እስከ 1500 የሚለፋ ሰው፣ በእኔ ፍርድ፣ የሚለፋው ለራሱ ነው፤ መብቱ ነው፣ ውኃው ግን አያመሰግነውም።

የሚቀነሰው ነገር የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከሥር የሚቀባው ፀረ አረም ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት፤ በአሮጌ ጀልባ ላይ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የከለከለው የቆርቆሮ ውሁድ ከንብርብሩ ሥር ሊኖር ይችላል። በደረቁ ሲፋቅ ወደ ሳንባና ወደ አፈር ይገባል። ስለዚህ ማሽኑን ከማስነሣትዎ በፊት ከጀልባው ሥር ሸራ ያንጥፉ፣ አቧራ መሳቢያውን ይግጠሙ፣ ጭምብልዎን ያጥብቁ፤ የተጠራቀመውንም ብናኝ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይደባልቁት።