የጓሳ ሣር የማን ነው?

ቤቱ የሚያፈስበት ድኻ፣ ለክዳን የሚሆነውን ሣር በዐይኑ እያየ እንዳያጭድ ቢከለከል ፍትሕ ነውን?

በመንዝ የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያም በበጋ ለባለ መብቶቹ ይከፈታል። መብቱ ግን በዘር የሚወረስ ነበረ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ መብቱን ለብዙዎች አሰፋ፤ ጥበቃውን ግን አላላ። ነዋሪዎቹም በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ሁለቱን ለማስታረቅ ተነሡ፤ የአማራ ክልልም ጥበቃቸውን በሕግ አጸደቀ።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ በጽኑ ችግር ላይ ያለ ሰው ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ቢወስድ ሌብነት እንዳልሆነ ያስተምራል። እንግዲያስ ክልከላ ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። ይሁን እንጂ ገና ያልተወለደውም ድኻ ነው፤ አቤት የሚልበት አንደበት እንኳ የለውም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ለመጪው ትውልድ ማሰብ የፍትሕ ግዴታ እንጂ ችሮታ አለመሆኑን አስገንዝበዋል።

ስለዚህ መዝጋት ፍትሕ የሚሆነው፣ የሚዘጋው ሰው ራሱም አብሮ ሲታገሥና የሚያፈሰውን የጎረቤቱን ቤት ከራሱ ድርሻ ሲከድን ነው። ሰባተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር «አትስረቅ» የሚለው ቃል የልጅ ልጆቻችንንም ድርሻ እንደሚጠብቅ አንዘንጋ።