ፈውስ ያልሆነ ዕረፍት ምን ይጠቅማል?

ካንሰር የጸናበትን ሰው «ሰውነትህን አሳርፍ» ብሎ ማስተማር ከንቱ ማጽናናት ነውን? ጥያቄው የሰውን ክብር የሚነካ ነውና በቸልታ ልናልፈው አይገባንም።

አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ዘዴ ቀላል ነው። ሕመምተኛው እጁን፣ ትከሻውን፣ እግሩን በየተራ ያጠብቃል፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ ያላላል፤ የሚያመውን ክፍል ግን አያስጨንቅም። ልምምዱ የብዙዎችን ጭንቀት ያቀልላል፤ ከኬሞቴራፒ የሚመጣውንም ማቅለሽለሽ ሊቀንስ ይችላል። ዕጢውን ግን አያጠፋም።

እንግዲህ ከሁለት ስሕተቶች እንጠበቅ። አንደኛው፥ በሽታውን አያድንም ብሎ መናቅ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ሌሊት በሰላም ማንቀላፋት ለታማሚ ትንሽ ነገር አይደለችም። ሁለተኛውና የከፋው፥ «አእምሮህ ከተረጋጋ ትድናለህ» ማለት ነው። በሽታው በበረታ ጊዜ ሕመምተኛው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ በሕመሙ ላይ ጸጸት ጨመርንበት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን የሕሙማን ማስታመሚያ ያቋቋሙት ሲስሊ ሳንደርስ፥ የሰው ሕመም ከሥጋው ባሻገር ሐሳቡን፣ ቤተሰቡንና መንፈሱን እንደሚነካ አስተምረዋል። እንዲህ ያለውን ሕመም ከውጭ ሆነን ልንመዝነው አንችልም፤ የሚያቀልለትን የሚያውቀው ታማሚው ራሱ ነው።

ስለዚህ ሕሙማንን ስንጎበኝ ከመምከራችን በፊት እንጠይቃቸው፤ የሐኪሙን መድኃኒት ሳናስተጓጉል ዕረፍታቸውን እናግዝ። መፈወስ ባይቻለን እንኳ ሸክም ማቅለል ይቻለናልና።