ስለ ጅምር ሹራብ ሐተታ

በቅርጫት ውስጥ ያልተፈጸመ ሹራብ ሳለ፣ ሌላ የሱፍ ክር አንሥቶ የአዲስ ሹራብ የመጀመሪያውን ረድፍ በመርፌ ላይ መያዝ በደል ነውን? ጥያቄው ለሚሰማው ሰው ከቁም ነገር የሚቈጠር አይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን አዲስ ክር በጨበጥሁ ቍጥር ልቤ ሐሤት ሲያደርግ ኅሊናዬ ከሳሽ ሆኖ ስለሚነሣብኝ፣ ከሁለቱ እውነቱን የሚናገረው ማንኛው እንደ ሆነ ለመመርመር ወደድሁ።

አስቀድሜ ክሱ ከወዴት እንደ መጣ ጠየቅሁ፤ ከመጻሕፍት የመጣ መስሎ ታየኝ። በሉቃስ ወንጌል፣ ግንብ ሊሠራ ወድዶ ወጪውን አስቀድሞ ሳይተምን መሠረቱን ብቻ ጥሎ የቀረ ሰው የአላፊ አግዳሚው መሳለቂያ እንደሚሆን ተነግሯል፤ ጠቢቡም በመጽሐፈ መክብብ ከነገር መጀመሪያ ይልቅ ፍጻሜውን ያመሰግናል። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ፈራሁ። ነገር ግን ምሳሌውን ደግሜ ባሰላስለው፣ የግንቡ ባለቤት የተነቀፈው ስለ ጀመረ ሳይሆን ሒሳቡን ስላልተሳሰበ ሆኖ አገኘሁት፤ የእርሱ ገንዘብና ድካም በመሠረቱ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር፣ ሹራብ ከአንድ ክር የተያያዙ ቀለበቶች ስለ ሆነ፣ ጫፉን አግኝቶ የሳበ ሰው ሥራውን በሙሉ ተርትሮ ወደ ልቃቂት ይመልሰዋል፤ የተጠማዘዘውንም ሱፍ በለብታ ውሃ ነክሮ ቢያሰጣው ለሌላ ሥራ ይቃናል። (ጠጕሩ የበዛ ሱፍ እርስ በርሱ ተያይዞ የተርታሪውን ትዕግሥት እንደሚፈትን አልክድም።) ልብስ ሰፊው በመቀስ የቈረጠውን ጨርቅ እንዲህ ሊመልሰው አይችልም።

ከዚህ በኋላ ስለ ሸማኔው አሰብሁ፤ ጋቢውን ጀምሮ ሳይቈርጥ ወደ ሌላ የማይሄድ ሰው ነውና ምግባሩ ምግባሬን የሚያሳፍር መሰለኝ። ሆኖም ድሩ በሽመና ዕቃው ላይ አንድ ጊዜ ከተዘረጋ፣ ማጉ ተመትቶ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ድር እንዲዘረጋበት ዕቃው ራሱ አይፈቅድም። እንግዲህ ከሸማኔው ጽናት እኩሌታው የሸማኔው፣ እኩሌታው የዕቃው ነው አልሁ፤ የእኔ መርፌዎች ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ቅርጫት አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ ሥራቸውን እንደ ያዙ ቢቈዩም ሌላውን አይከለክሉም።

ነገር ግን ከሁሉ የከበደ ሌላ ሙግት ተነሣብኝ፤ ክሩ ቢመለስ ሰዓቱ አይመለስምና፣ ጀምሬ በተውሁት ክንድና ደረት ላይ ያለፈው ዕድሜ ከማን ይጠየቃል? በዚህ ብዙ ቈየሁ። መልሱን ያገኘሁት ሹራብን ለምን በእጅ እንደምንሠራ በጠየቅሁ ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ በ1589 እ.ኤ.አ. የካልሲ መሥሪያ መኪና ካወጣ በኋላ መኪናው እየተሻሻለ ሄዶ፣ ዛሬ የእጅ ሠራተኛ ሳምንታት የሚፈጅበትን በጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይጥላል፤ ልብሱን ብቻ የፈለገ ሰው ወደ ገበያ ቢወርድ ይቀለዋል። እንግዲህ እኔ ከልብሱ ሌላ የምፈልገው ነገር አለ ማለት ነው። እርሱም በአብዛኛው በጅማሬ የሚገኝ ነው፤ በመርፌ ላይ የያዝሁት የቀለበት ብዛት አራት አራት ቀለበት ለሚፈልገው ጌጥ ልክ ይከፈል እንደ ሆነ፣ እጄ ላልቶ ወይም ጠብቆ እንደ ሆነ፣ ቀለሙ ከቀለሙ ተስማምቶ እንደ ሆነ የምመረምረው ያን ጊዜ ነው። ጌጡ በእጄ ከገባ በኋላ ጣቶቼ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ አእምሮዬም ስለ ጤፍ ዋጋ ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ያለፈው ሰዓት ሊማር የመጣውን ተምሮ የሄደ ሰዓት ነው እንጂ የባከነ አይደለም ብዬ ፈረድሁ።

ፍርዱ ለራሴ ያደላ ስለ መሰለኝ ደግሜ መረመርሁት። እመቤታችን ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል መልአኩ ገብርኤል እንዳበሠራት ይነገራል፤ በያዕቆብ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መጽሐፍም ከዚያ ሁሉ ምሥጢር በኋላ ፈትሉን ፈጽማ ለካህኑ እንዳስረከበች ይተርካል። ከብሥራት የሚበልጥ ማቋረጫ ምክንያት ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን ፈትሉ የአደራ ሥራ ነበር። በዚህ ጊዜ የኅሊናዬ ክስ በከፊል እውነት መሆኑ ተገለጠልኝ፤ የሚከሰኝ ስለ መጀመሬ ሲሆን ሐሰተኛ ነው፤ ቃል ስለ ሰጠሁበት ሥራ ሲሆን ግን እውነተኛ ነው። ለራሴ ያሰብሁት ሹራብ ተጠባባቂ የለውም፤ ለሕፃን ክርስትና የተባለው ነጭ ሹራብ ግን ተጠባባቂ ብቻ ሳይሆን ቀንም አለው፤ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ቀኑም የሕፃኑም ቁመት እኔን አይጠብቁም።

በቅርጫቴ ካሉት ጅምሮች መካከል የዚህ ዓይነት አንድ ብቻ አለ፤ የጎረቤቴ ልጅ ሴት ስለ ሆነች ሰማንያው ገና ነው፤ ከሥራውም የቀረው እጅጌው ነው። ጧት ጧት እጅጌውን እሠራለሁ፤ ዛሬ ማታ ግን አረንጓዴውን ክር እጀምራለሁ።