ነባቢት ነፍስና አፉን ያልፈታ ልጅ

የሰው ነፍስ በግእዝ ነባቢት ትባላለች፤ ተናጋሪ ማለት ነው። ሊቃውንት አባቶቻችንም ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ፥ ነፍስ ልብ፥ ቃል፥ እስትንፋስ አላት፤ በዚህም ለሥላሴ ምሳሌ ትሆናለች ይላሉ። ይህን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምረን የሰማነው ስለ ሆነ ብዙ አንመራመርበትም። ነገር ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ከጉና ተራራ በታች ባለች፥ ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አጥቢያ ያየሁት ነገር የለመድሁትን ትምህርት እንደ ገና እንድመረምረው አስገደደኝ።

አንድ እሑድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር ለቅዳሴ መጣ። ልጁ አፉን አልፈታም፤ የሰው ዓይን አያይም፤ እጆቹን ያርገበግባል። ቃጭሉ በተመታ ጊዜ ሁለት ጆሮውን ይዞ ጮኸ። ሕዝቡም ወደ እርሱ ዞረ፤ አንድ ዲያቆንም እናቲቱን በምልክት አስወጣት። እኔም ማዕጠንት ይዤ ስወጣ ይህን አይቼ ዝም አልሁ። እርስዋም ልጁን በነጠላዋ ሸፍና፥ ከደጀ ሰላሙ ውጭ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ፥ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰምታ ሄደች። በዚያው ዕለት ክርስትና የተነሡ የአርባና የሰማንያ ቀን ሕፃናት እያለቀሱ ሥጋውንና ደሙን ተቀበሉ። የእነርሱን ልቅሶ የተቆጣ ማንም የለም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። ቃል የነፍስ ሀብት ከሆነ፥ ቃል ያልወጣው ልጅ ነፍሱ ጎደሎ ናትን?

ጎደሎ አይደለችም። ሊቃውንቱ ቃል ከልብ ይወለዳል ማለታቸው በአንደበት ስለሚሰማው ድምፅ ብቻ አይደለምና። ድምፅ ቃሉን ወደ ውጭ ያወጣዋል እንጂ ቃሉ ሳይሰማ አስቀድሞ በልብ አለ። በበአቱ ተዘግቶ በዝምታ ሱባዔ የያዘ ባሕታዊ ነባቢትነቱን አጣ የሚል ማን ነው? የአርባ ቀኑም ሕፃን አንዲት ቃል ሳይናገር ክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ሆኖ ሃይማኖቱን ይመሰክርለታል፤ ቤተ ክርስቲያንም አምና ትቀበለዋለች። ታዲያ ለአርባ ቀኑ ሕፃን ያልነፈግነውን ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ የምንነፍገው በየትኛው ቀኖና ነው? እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። ያገኘሁት ልማድንና እፍረትን ነው።

ይህን ለአንድ ወንድሜ ካህን ባጫውተው የታቦርን ነገር አነሣብኝ። ከተማችን ደብረ ታቦር በስሙ የምትጠራበት ያ ተራራ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው፤ ከዚያ በወረደ ጊዜ ግን ድዳ መንፈስ ያደረበትን ልጅ አባቱ ይዞት ሲጠብቅ አገኘው። «እንግዲህ ድዳነት የርኩስ መንፈስ ሥራ እንደ ሆነ ወንጌል ራሱ መስክሯል» አለኝ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ በየጸበሉ የሚነገረውም ይኸው ነው።

ነገር ግን ያው ወንጌላዊ ማርቆስ ይህን በዘጠነኛው ምዕራፍ ከመጻፉ በፊት፥ በሰባተኛው ምዕራፍ ስለ ሌላ ሰው ጽፏል፤ ደንቆሮና ኰልታፋ ስለ ነበረው ሰው። ጌታ ያን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ። በዚያ ስፍራ የተገሠጸ መንፈስ የለም። ስለዚህ ወንጌል አለመናገርን ሁሉ ለአንድ ምክንያት አልሰጠውም፤ መርምሮ መለየት እንዲገባን አሳየን እንጂ። ከሕዝቡ ጫጫታ መለየቱንም ልብ በሉ፤ ጩኸት የሚያስጨንቀውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ይተረጕመዋል። ከታቦር በታች የነበረውንም አባት ጌታ ስለ ኃጢአቱ አልጠየቀውም፤ ይህ ነገር ከያዘው ስንት ዘመን ሆነው ብሎ፥ ሐኪም እንደሚጠይቅ ጠየቀው። በኋላም ለብቻቸው ቀርበው እኛ ስለ ምን አልቻልንም ያሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እኛ ካህናት የቆምነው በእነርሱ ቦታ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜም፥ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ፤ የማንም አለመሆኑን ነገራቸው። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። በደጋው አገራችን እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይወስደዋል፤ ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። እናት በእርግዝናዋ ወራት ይህን እጅግ ያጣች እንደ ሆነ የፅንሱ አንጎል በሚገባ አያድግም፤ የሚወለደውም ልጅ ለትምህርት የዘገየ፥ አንዳንዱም መስማትና መናገር የተሳነው ይሆናል። ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው ስለዚህ ነው። ዝናብ ላጠበው አፈር ስንት እናት ቀኖና ተቀብላ ይሆን?

ኦቲዝም የተባለው ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህ የአንጎል አስተዳደግ ልዩነት ሲሆን፥ ምክንያቱ በብዙው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የ11 ልጆችን ነገር መርምሮ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ብዙ ሊቃውንት፥ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው እያሉ እናቶችን ለብዙ ዓመታት ወቀሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቡና ሊቅ የሆነው በርናርድ ሪምላንድ፥ ራሱም የእንዲህ ያለ ልጅ አባት ነበረ፥ መጽሐፍ ጽፎ እስኪሟገታቸው ድረስ ነገሩ እንደ እውነት ይነገር ነበር። የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ ነጭ ልብስ የለበሱትም ጠይቀውታል ማለት ነው።

የእኛ ግን የባሰ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ወደ ሁለት ክሊኒኮች እንዲህ ያሉ ልጆችን ያመጡ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ ከአራት አንድ የሚበልጡትም ነገሩን ለመሸሸግ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ይህም እፍረትና መገለል በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በልጦ ተገኘ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የተጠየቁት ጥቂቶች ናቸው፥ ከተማውም ሌላ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ያለውን ድንጋይ ስላየሁ አልተከራከርሁም።

ጸበል ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እኔም አጠምቃለሁ። ነገር ግን ሕፃንን በገመድ ማሰር፥ ለጾም ያልደረሰውን ማስራብ፥ ከሐኪምና ከትምህርት መከልከል የጸበል ሥርዓት አይደለም። በደጋ ንጋት ውኃ ሲፈስበት የጮኸውን ልጅ ሁሉ «ጋኔኑ ጮኸ» ማለትስ ምንድን ነው? የጉና ውኃ ማንን አያስጮኽም?

ዘሚ የኑስ የተባሉ፥ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት እናት በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ እኒህ ሴት በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ልጆቹን ንግግር ለማለማመድ ያዘጋጁትንም ዘዴ በፊደላችን ላይ መሥርተው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» አሉት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አፈርሁም። አቡጊዳ በእጃችን የነበረ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በየዕለቱ አንድ ቦታ፥ አንድ ሰዓት፥ አንድ ሥርዓት ሲሆንለት ይረጋጋል፤ የአብነት ትምህርት ቤትም በመደጋገምና በዜማ የተሠራ ነው። እኛ ግን ፊደል የዘገየበትን ልጅ ገርፈን ወደ ከብት ጥበቃ መለስነው። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የሚያነሡብኝ አሉ፤ ያሬድን ያበረታችው ግን ዛፍ ላይ የምትወጣዋ ትል ናት እንጂ የመምህሩ አለንጋ አይደለም። ደግሞም ሊቅ የማይወጣው፥ እስከ እርጅናው «ሀ» ብሎ የሚቀረው ልጅ የማን ነው?

በሥርዓታችን የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል። በጓዳ የተሸሸገውን ልጅ ከመምህርና ከሐኪም አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ጸበል ሊረጭ በገባ ጊዜ የቤቱን ልጆች ሁሉ በስማቸው ይጥራ፤ የቀረ ካለ እርሱንም አምጡት ይበል። እናቲቱ «አባቴ፥ ምን ብበድል ነው?» ስትለው የማንም በደል አለመሆኑን ያለ ማመንታት ይንገራት፤ ሐኪም ወዳለበትና ትምህርት ወደሚገኝበትም ይምራት። በቅዳሴም ከቃጭሉ ራቅ ያለ ስፍራ ይስጣት፤ ልጁ ቢጮኽ ዲያቆኑ ይዞ ያግዛት እንጂ አያስወጣት።

ያን እሑድ ያልተናገርሁትን ለመናገር በሳምንቱ ወደ ቤቷ ሄጄ ነበር። ልጁን ይዛ በወረታ በኩል ወዳለ ጸበል ሄዳለች አሉኝ። ነሐሴ 13 ቀን በዓለ ደብረ ታቦር ደርሶ የመንደሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ እንደ ገና ጠየቅሁ፤ አልተመለሰችም። የንስሐ አባቷ ማን እንደ ሆነ ገና እያጠያየቅሁ ነው።