ወታደሩ ሳይጠራ በፊት

የጦር አዛዥና የሕዝብ ተመራጭ ይተባበሩ ሲባል እሰማለሁ። መልካም ነው። ግን በምን ላይ? ለክፉም እኮ ይተባበራሉ፤ ይህን ጎጃሜ ያውቀዋል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ያለፈው በፓርላማ ነው፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎችም በሕዝብ የተመረጡ ነበሩ። (ጦሩን የሚያዙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ይህ አይዘንጋ።) ገበሬው መሬቴ ከተለካ ርስቴ ሊሄድ ነው አለ። ፍርሃቱ ልክ ሆነም አልሆነ፣ ቁጭ ብሎ መስማት የመራጭና የተመራጭ ጉዳይ ነበር። ማን ሰማው? በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን ነገሩ በጉልበት ተያዘ። ሞጣና ዳሞት አመፀ፣ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። መጨረሻውስ? ገዢው ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ይህ እኮ ያለ ቦምብም ይቻል ነበር!

ታዲያ የታዘዘው መኮንን ምን ማድረግ ነበረበት? «አፈሙዙን ማዞር» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በ1966 ዓ.ም. ዞሯል እኮ። ከሹሙ ይልቅ የሕዝቡን ጥቅም እኔ አውቃለሁ ያለው ወታደር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ያዘ፤ 17 ዓመት አልለቀቀም። ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ያለው ተማሪ ምን እንደደረሰበት አባቶቻችን ይነግሩናል።

እምቢ ማለትና ሥልጣን መቀማት ለየቅል ናቸው። መንደር አቃጥል ሲባል አላቃጥልም ያለ መኮንን የማንንም ወንበር አልወሰደም። ከዚያ በመለስ ያለው ውሳኔ፣ ቢከፋውም እንኳ፣ የተመራጩ ነው። ነገር ግን ከመዝመቱ በፊት «ሕዝቡን ማን አነጋገረው? ምንስ አለ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ተመራጩም በጽሑፍ ይመልስ። እኔ ትብብር የምለው ይኸንን ነው፤ በአንድ መድረክ ላይ ተደርድሮ መቀመጡን አይደለም።

በወረቀት በኩል ድሆች አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ይላል። አንቀጽ 93 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን በስድስት ወር ወስኖ፣ ማራዘሙን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ መርማሪ ቦርድም ያቆማል። በአማራ ክልል ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውን ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. አራት ወር ጨመረበት። እጃቸውን ካወጡት ውስጥ አስቀድሞ አዛዡን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ነበረ ወይ? የደብረ ማርቆስና የሞጣ መራጭ ድምፁን የሰጠውን ሰው ባገኘው ጊዜ ይህንኑ ይጠይቀው።